ስምንተኛዋ ሴት

ሰዓሊው ኤሜ ሩላንትስ ሞቶ የተገኘው እሱ ራሱ ሲያስጌጠው በከረመው ደረጃ ሥር፣ አንገቱ ተሰብሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው። ያገኙት የቤቱ ባለቤት ማዳም ቫውተርስ ናቸው። አዲሱ ቤታቸው ተሠርቶ እስኪያልቅ በየማለዳው ብቅ እያሉ ሠራተኛ መቆጣት ልማዳቸው ነበርና፣ ያን ቀንም የሚቆጡት ሰው ፍለጋ ገብተው ሬሳ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

ኢንስፔክተር ፊርመን ዴክኖፕ በኅዳር ጭጋግ ውስጥ እያነከሰ ሲደርስ ግን ሴትዮዋን ያንቀጠቀጣቸው ሬሳው አልነበረም። ጣታቸው የሚጠቁመው ወደ ግድግዳው ነበር።

«ሰባት ነው ያዘዝኩት» አሉ። «ሰባት ሴቶች! እስቲ ይቁጠሯቸው።»

ዴክኖፕ ቆጠረ። ደረጃውን ተከትለው በግድግዳው ላይ የሚወጡ፣ ቀሚሳቸው ከኋላቸው እንደ ወንዝ የሚጎተት ሴቶች ናቸው። ቀለም የላቸውም፤ በነጩ ልስን ላይ ተጭረው የወጡ ጥቋቁር መስመሮች ናቸው። እያንዳንዷ ኩራዝ ይዛለች፣ ዓይኗም ወደ ላይ ነው። የማዳም ፊርማ ያለበት ንድፍ ሰዓሊው ቆሞ በሚሠራበት የእንጨት ርብራብ ላይ በሚስማር ተመትቷል፤ እዚያ ላይ ሰባት ናቸው። ግድግዳው ላይ ግን ስምንት። ስምንተኛዋ ከሁሉም ኋላ፣ ታችኛው ደረጃ ላይ ቆማለች፤ ኩራዝ የላትም። ፊቷ ላይ ስስ መሸፈኛ ጣል ተደርጓል፣ አንገቷ ላይ አምስት ፈርጥ ያለው ሐብል አለ። ዓይኖቿን ጨፍና ነው ደረጃ የምትወጣው።

ከተከደነው ዓይኗ ሥር አንድ ጠብታ ውሃ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ጌታዬ፣ ታለቅሳለች» አለ ኮንስታብል ሎደ እያማተበ።

«ልስኑ ነው የሚያለቅሰው። ትናንት የተለሰነ ግድግዳ በዚህ ብርድ ያልበዋል። የቀሩት ሰንብተዋል፣ ደርቀዋል።»

ዴክኖፕ ይህን ብሎ በመሐረቡ ጠረገላት። ጠርጎ ዞር ሲል ግን ማጅራቱን ቀዘቀዘው። ዕድሜውን በሬሳ መሐል የፈጀ ሰው፣ ለግድግዳ ሥዕል ጀርባውን መስጠት ፈራ። እውነቱን ለመናገር ዴክኖፕ ቀለም የሚወደው በቢራ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰዓሊ የሚባል ፍጡርም አይጥመውም። ይህቺ ሴት ግን አልለቅህ አለችው።

«ማን ናት?»

«ኤልቪር ናታ!» አሉ ማዳም። «ሞዴሏ። የኢክሰል ሰፈር ግማሽ ግድግዳ እሷ አይደለች? አምና ፓሪስ ሄደች ተብሏል፤ እዚያ ምን እንደምትሠራ እግዜር ይወቅ። ይፋቅልኝ!»

«እኔ ሳልፈቅድ የነካት ወየውለት፣ ማዳም።»

የርብራቡ መከታ ወደ ውጭ ተገንጥሏል፤ ሰውየው ተገፍቷል። የሟች መሣሪያዎች ታጥበው በጨርቅ ተጠቅልለዋል፣ አንዲት መሮ ብቻ መሬት ላይ ተጥላለች፣ ጫፏን ነጭ ኖራ ነክቶታል። ዴክኖፕ ቀና ብሎ አየ። አንድ ሰው ስምንተኛዋን ሴት በዚያች መሮ መፈቅፈቅ ጀምሮ ነበር። የፈቀፈቀው መሸፈኛዋን ነው፤ አፍንጫዋንም አፏንም አልነካም።

«ይህ ምን ይባላል?» አለ ለራሱ።

ደረጃው ላይ ደግሞ አንድ የሴት ጸጉር ማስያዣ ተገኘ፣ ከቀንድ የተሠራ።

*

ማስያዣው የሟቹ ሚስት የጎደሊቭ ነው። ሴትዮዋም አልካደችም።

«የኔ ነው። ምሳ ሳደርስለት ወድቆብኝ ይሆናል።»

ዴክኖፕ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጧል። ቤቱ ሁሉ ወረቀት ነው፤ ከወንበር ሥር፣ ከቁም ሣጥን ላይ፣ ከአልጋ ሥር የተጠቀለለ ንድፍ።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ።»

«ጎረቤትዎ ሲወጡ አይቻለሁ ይላል።»

«ጎረቤቴ የራሱን ሚስት ሲጠብቅ ይሻለው ነበር» አለች። መልከ ቀና፣ ኩሩ ሴት ናት። አላለቀሰችም፤ ይህም ሊጎዳት ነው።

ዴክኖፕ ወሬ ቀየረ። «ስለ ሥራው ይንገሩኝ። አንዲት ሴት በድንገት ግድግዳ ላይ ልትበቅል ትችላለች?»

«አትችልም። መጀመሪያ ጥቁር ልስን ይለጠፋል፣ በላዩ ነጭ። ነጩ ሳይደርቅ ነው የሚጫረው፤ ካደረ አይጫርም። የዕለቱ የዕለት ነው። ሥዕሉ አስቀድሞ በትልቅ ወረቀት በቁመቷ ልክ ይሠራል፣ መስመሩን ተከትሎ በመርፌ ይበሳል። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ይለጥፉና የከሰል ዱቄት በከረጢት መታ መታ ያደርጉበታል። ዱቄቱ በቀዳዳው ያልፋል፣ መስመሩ ግድግዳው ላይ ይቀራል።»

«ስለዚህ የስምንተኛዋ ትልቅ ወረቀት አለ።»

«መኖር አለበት።»

በአዲሱ ቤት የሰባቱ ወረቀት ተገኝቷል። የስምንተኛዋ የለም።

«ኤልቪር የባልዎ ወዳጅ ነበረች?» አለ ዴክኖፕ፣ ባይወደውም።

ጎደሊቭ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከሰዓት በኋላ የዴክኖፕ አለቃ ትእዛዝ ሰጠ። ቀናተኛ ሚስት፣ የወደቀ ማስያዣ፣ የውሸት ቃል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ጎደሊቭ ታሰረች። ዴክኖፕ ግን አልተዋጠለትም። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» እያለ ተነጫነጨ። «ሎደ፣ አንተ ቀናተኛ ሴት ብትሆን የባልህን ውሽማ ምኗን ትፈቀፍቃለህ?»

«ዓይኗን፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ይቺ መሸፈኛውን ምን አደረገኝ ብላ?»

*

በማግስቱ ጠዋት ዴክኖፕ አንዲት ልጅ ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኘ። ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ፊቷን አየ፤ የግድግዳዋ ሴት ናት፣ ዓይኗን ገልጣ።

«ሮዛሊ እባላለሁ። የኤልቪር እህት። የእህትሽ ፊት ግድግዳ ላይ ወጣ አሉኝ።»

አስገብቶ የሞቀ ቡና ሰጣት። አልጠጣችውም።

«አምና ተጣላን» አለች። «ከእንግዲህ እርቃኔን ቆሜ አልሣልም፣ ጌንት ሄደን ባርኔጣ እንሥራ፣ ሁለታችን አለች። ሳቅኩባት። ካልመጣሽ ብቻዬን እሄዳለሁ ብላ ወጣች። ሄደች። አንዲት ቃል ሳትልክ! ይኸው ዓመት ሙሉ ተቀይሜያታለሁ። መንገድ ላይ ባገኛት በጥፊ ነው የምላት፣ እውነቴን ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። አለች ወይስ ሞታለች? አለች ከተባለ እንደተቀየምኩ እኖራለሁ። ሞታለች ከተባለ አለቅሳለሁ። መሐል ላይ መቆም ነው ያቃተኝ።»

ዴክኖፕ ያልጠጣችውን ቡና ገፋ አደረገላት። ሰው ሲለምነው እምቢ ማለት አይችልም፤ የሚናደደውም ለዚህ ነበር።

«እነግርሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያለችውም ሆነ የሞተችው ትገኛለች። ፓሪስ ሄደች ያለው መጀመሪያ ማን ነው?»

«ሙሴ ሲሪል ሆስት፣ መስታወት ሠሪው። ሐሳቧን ለውጣ ፓሪስ ሄደች፣ ባቡር ላይ የሸኘኋት እኔ ነኝ አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ እሷ ከሄደች ወዲህ ለሥዕል የምቆመው ለእሱ ነው።»

*

ሲሪል ሆስት ባለቀለም መስኮት ሠሪ ነው። እሁድ እሁድ ሰዓሊው፣ ብረት ሠሪው፣ አናጢው እሱ ቤት ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ አሮጌውን ዓለም አፍርሰው አዲስ ይሠራሉ። የሟች ፊት በከሰል የመሣል ልማድም ነበራቸው፤ ከመሐላቸው ሰው ሲሞት አንዱ አጠገቡ ይቀመጥና ይሥለዋል። ሥዕሎቹ በሆስት ኮሪደር ተሰቅለዋል። ዴክኖፕ በእነዚያ ዝም ያሉ ፊቶች መሐል ሲያልፍ ኮፍያውን አወለቀ።

ሎደ የስምንተኛዋን ሴት መሸፈኛ በቅቤ መጠቅለያ ወረቀት ቀድቶት ነበር። እየቀዳ «ጌታዬ፣ ጨርቅ እንዲህ አይሄድም። አፍንጫዋን አልፎ፣ ጉንጯን አልፎ ዝም ብሎ ይቀጥላል። የቤተ ክርስቲያን መስኮት ነው የሚመስለው» ብሎ ነበር። ዴክኖፕ ሳቀበት። ከዚያ መሳቁን ተወና ወረቀቱን ይዞ መጣ።

ሆስት ወረቀቱን አየው። ረጅም፣ ጺሙ የተበጠረ፣ እጁ የሚያምር ሰው ነው።

«መስታወቶቹን የሚያያይዘው የእርሳስ ብረት ይመስላል» አለ ራሱ፣ በፈገግታ። «ኤሜ ከአንዱ መስኮቴ ሰርቆኝ ይሆናል፤ ሌባ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ቤቱ ክፍት ነው፣ ይፈልጉ። ካገኙት በእግሬ እስር ቤት እሄዳለሁ።»

ዴክኖፕ ክፍል ለክፍል ዞረ። ወረቀቱን በየመስኮቱ አስጠግቶ አየ። መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ፣ የውሃ አበባ ያለበት መስኮት አለ፤ የሚገጥም መሰለው። ግን አልገጠመም፤ ግንዱ ሁሉ ወደ ሌላ ጎን ያጋደለ ነው።

«ያን ማታ የት ነበሩ?»

«ምድጃዬ ሥር። መስታወት ሲጠበስ ጥሎ መሄድ የለም። ልጅ እንደማሳደግ ነው።»

ሮዛሊ ካባዋን ደርባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ያ የተበላሸው መስታወት ነው፣ ሙሴ ሆስት?» አለች የዋህነት ባለው ድምፅ። «ሁሉም ቀልጦ ተጣብቆ፣ ዛሬ እንደገና የጀመርነው?»

ሆስት ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ሰው ይደክመዋል፣ ሮዛሊ» አለ ሆስት። «እንቅልፍ ወሰደኝ። ሂጂ፣ ቦታሽን ያዢ፤ ብርሃኑ ሳያልቅ።»

ዴክኖፕ በጓሮ በር ተሰናብቶ ወጣ። አትክልቱ መሐል የመስታወት ቤት አለ፤ በበረዶም የሚያብቡ ነጫጭ አበቦች ይታያሉ። ጭጋጉ ወርዷል፣ ቀኑ ሊጨልም ነው። ጉልበቱን እያሸ ዝም ብሎ ቆመ። ልጅቷን ጥሎ መሄዱ አላማረውም። ሆኖም በምን ምክንያት ይመለሳል? የተበላሸ መስታወት ሰው አያሳስርም።

ከኋላው በቤቱ ውስጥ መብራት በራ። ዞር አለ።

በመኝታ ቤቱ መስኮት ጀርባ ስምንተኛዋ ሴት ቆማ ነበር።

ያው ፊት ነው፣ ያው የተዘነበለ አንገት። ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። የውሃ አበባው ጥቁር መስመሮች ግንባሯን አቋርጠው፣ በጉንጯ ወርደው፣ አንገቷ ላይ ተገናኝተዋል። ከዚያ ሴቲቱ እጇን አንስታ ዓይኗን አሸችና ሮዛሊ ሆነች።

ዴክኖፕ የሎደን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። መስመር በመስመር ገጠመ። ከውስጥ ያልገጠመው ከውጭ ገጠመ።

ያን ጊዜ የሰዓሊው ሥራ ገባው። ሰባቱ ሴቶች ፊታቸውን ወደ ደረጃው አናት አድርገዋል። ስምንተኛዋ ስትሣል ፊቷ ወደ ሌላ ጎን ከነበረ፣ ኤሜ ከሰባቱ ጋር እንድትወጣ ትልቁን ወረቀት ገልብጦ ነው የለጠፈው። የተበሳ ወረቀት በሁለቱም ገጽ ያገለግላል። ፊቷ ሲገለበጥ መስኮቱም አብሮ ተገለበጠ። ዴክኖፕን ያታለለው ይህ ነው፤ መስታወት ሠሪ ግን መስኮቱን ከውስጥም ከውጭም ስለሚያውቀው በኩራዝ ብርሃን እንኳ ለይቶታል።

ተመልሶ የጓሮውን በር አንኳኳ። «ሮዛሊ! ነይ፣ ጣቢያ ትፈለጊያለሽ። አሁኑኑ፣ በካባሽ።»

«ሥራ ላይ ነን እኮ፣ ኢንስፔክተር» አለ ሆስት።

«ነገ ትቆምልሃለች» አለ ዴክኖፕ፤ «እርስዎ» ማለቱን የተወው ሳያስበው ነው። ደጅ ሲጠብቀው የነበረውን ሎደን ከበሩ ማዶ አቆመውና የልጅቷን ክንድ ይዞ ወጣ።

*

ጎደሊቭ እስር ክፍሉ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሮዛሊን ስታይ ፊቷ ነደደ።

«እሷን ለምን አመጣችኋት? ለመሳለቅ ነው?»

«ማዳም» አለ ዴክኖፕ፣ «ስምንተኛዋ በሰው መኝታ ቤት የተሣለች ናት፤ ንድፏ ግን የትም አልተገኘም። ያን ማታ ወደ ባልዎ የሄዱት እሱን ይዘው ነው። አይደለም?»

ጎደሊቭ የካባዋን ዳር ጨበጠች።

«ያ ንድፍ የተኛች ሴት ናት። ባልዎ በሰው አልጋ ላይ የሣላት መስሎዎታል። አፈሩ፣ ደበቁት። ማዳም፣ እንዲያፍሩ የሚያደርግ ነገር አይደለም። ያሳዩኝ፤ ይህቺ ልጅ እህቷን ፍለጋ ላይ ናት።»

ጎደሊቭ ሮዛሊን ደጋግማ አየቻት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ የካባዋን ገበር በጥርሷ ቀደደች። ከውስጡ የወጣው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነው።

«አልጋ ሥር አገኘሁት። ፊቱ ላይ ልወረውርለት ሄድኩ» አለች። «ስደርስ መሬት ላይ ነበር። ገላው በርዷል። ልጣላው ብዬ ሄጄ፣ ምን ብዬ ልናገር? ባሌ ከሌላ ጋር ይተኛ ነበር ብዬ?» አሁን ነበር ያለቀሰችው።

ዴክኖፕ ወረቀቱን በመብራቱ ሥር ዘረጋው። ከሰል ነው። ኤልቪር ትራስ ላይ ተጋድማለች፣ ፊቷ ግድግዳው ላይ ካለችው በተቃራኒ ዞሯል። ጸጉሯ ወደ ትራሱ ወድቋል፣ ጉንጯም አብሮ ረግቧል። ግድግዳው ላይ መሸፈኛ የሆኑት መስመሮች እዚህ ፊቷን አልፈው ትራሱም ላይ፣ አንሶላውም ላይ ወድቀዋል። የመስኮት ጥላ ናቸው። ሐብልም የለም። ሐብል በሚታሰርበት ቦታ፣ አንገቷ በአንድ ጎን አራት፣ በሌላው ጎን አንድ፣ ክብ ክብ ጠቆር ያሉ ምልክቶች አሉ።

ጎደሊቭ አፏን በእጇ ያዘች። «የተኛች መስላኝ ነበር» አለች በሹክሹክታ።

ሮዛሊ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን ወደ ምልክቶቹ አስጠጋች፣ ግን አልነካቻቸውም። «ሐብል አድርጋ አታውቅም» አለች።

*

ሆስት አልሮጠም። በማለዳ ሲመጡ ለብሶ፣ ጺሙን አበጥሮ መኝታ ቤቱ ውስጥ ጠበቃቸው። ምድጃው ውስጥ ሎደ የተቃጠለ ትልቅ ወረቀት ጥግ አገኘ፤ ዳር ዳሩ በመርፌ የተበሳ።

ዴክኖፕ ንድፉን በመስኮቱ ላይ አስጠጋው። አሁን ከውስጥም ገጠመ።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ያልቃል፣ ሙሴ ሆስት።»

ሆስት መስኮቱን እንጂ ንድፉን አላየም። «እሄዳለሁ አለችኝ» አለ። «ይህን ሁሉ በፊቷ መልክ ሠርቼ፣ ከተማው ሁሉ ስሟን ሳያውቅ ፊቷን አውቆ፣ እሷ ባርኔጣ ልትሰፋ ነው የምትሄደው። ያዝኳት። መያዝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«ከዚያስ?»

«ኤሜን ጠራሁት። መድኃኒት ጠጥታ ራሷን ገደለች፣ ነገሩ ከወጣ ሁላችንም እናልቃለን አልኩት። አመነ። እንደ ልማዳችን ቁጭ ብሎ ሣላት። ጀንበር ልትጠልቅ ነበር፣ መስኮቱ በሙሉ ፊቷ ላይ ወድቆ ነበር።» ሆስት እጆቹን ተመለከተ። «እጁ ያየውን ልቡ አላየም፣ ይገርማል። ዓመት ሙሉ። በቅርቡ ንድፉን ሲያወጣ ነው እነዚያን ምልክቶች ያስተዋለው። መጥቶ ምንድን ናቸው አለኝ። ጥላ ነው አልኩት። ዝም ብሎ ሄደ። ከዚያ ሥራዬን መጥተህ እይ ብሎ ላከብኝ።»

«አይተህ መሮ አነሳህ።»

«ሰው ሁሉ በየቀኑ መስኮቴን ፊቷ ላይ ሊያይ ነው! አትንካት ብሎ ያዘኝ። ገፋሁት።»

«የት ናት?»

ሆስት በመስኮቱ ወደ ጓሮ አመለከተ። የመስታወት ቤቱ አበቦች ከሌላው አትክልት ሁሉ ይልቅ አብበው ነበር። ዴክኖፕ ሎደን አካፋ እንዲያመጣ ላከው።

*

ሮዛሊን ማዳም ቫውተርስ ቤት፣ ታችኛው ደረጃ ላይ፣ እህቷ አጠገብ ተቀምጣ አገኛት። ልስኑ ደርቋል፤ ኤልቪር አታለቅስም። ዴክኖፕ እንዲህ ያለውን ነገር ሲናገር ዘወትር ቆሞ ነበር። ዛሬ ጉልበቱ እየጮኸ አጠገቧ ተቀመጠና የተገኘችበትን ቦታ፣ የገደላትንም ሰው ነገራት። ያልነገራት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር።

«ምን አለችው?» አለች ሮዛሊ። «ሲይዛት። አንድ ነገር ሳትል አትቀርም፣ አውቃታለሁ።»

ሊዋሽ አሰበ። ከዚያ የገባላትን ቃል አስታወሰ።

«ጉዞዋ ለማግስቱ ነበር። ሆስት ራሱ ተናዟል፤ ልትሰናበተው ብቻ ነው የመጣችው። "ልቀቀኝ፣ ሮዛሊ እራት አቅርባ እየጠበቀችኝ ነው። ዛሬ እሺ አሰኛታለሁ" ነው ያለችው።»

ሮዛሊ ባርኔጣዋን ጉልበቷ ላይ አዞረች።

«እራቷን ለድመቷ ሰጠሁት» አለች። «በንዴት። ገና ሳይመሽ።»

ከዚያ ግንባሯን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ፣ የእህቷ ቀሚስ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ዴክኖፕ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስክትጨርስ ጠበቃት።